የመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ቁጥር በየክፍሉ ከ1 እየጀመረ አስቸገረ፤ በዎርድ ላይ በዘላቂነት የሚስተካከለው እንዴት ነው?

የማኅበር ጸሐፊ (መሐል ሜዳ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በመንዝ በሚገኝ አንድ የበግ አርቢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ በጸሐፊነት አገለግላለሁ። ጠቅላላ ጉባኤያችን መተዳደሪያ ደንቡ እንዲሻሻል ስለ ወሰነ፣ ደንቡን በማይክሮሶፍት ዎርድ 2016 በአዲስ መልክ እየጻፍሁ ነው። አደረጃጀቱ እንደ ማንኛውም ደንብ በክፍል፣ በአንቀጽ፣ በንዑስ አንቀጽ፣ ከዚያም በፊደል ተራ ነው። ጽሑፉ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ቁጥሩ ነው።

በክፍል አንድ ሥር ከአንቀጽ 1 እስከ 6 በትክክል ተቆጥሮ «ክፍል ሁለት» የሚለውን ርዕስ እንዳስገባሁ፣ ቀጣዩ አንቀጽ 7 መሆን ሲገባው ተመልሶ 1 ይሆናል። በቁጥሩ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጌ «ኮንቲኒው ነምበሪንግ» ስል ለጊዜው ይስተካከላል፤ ከበላይ አንድ መስመር ስጨምር ግን ሌላ ቦታ ላይ ይበላሻል። ንዑስ አንቀጾቹ ደግሞ በተቃራኒው በየአንቀጹ ከ1 መጀመር ሲገባቸው ካለፈው አንቀጽ ቀጥለው 4፣ 5፣ 6 እያሉ ይሄዳሉ። ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚለውን ተራ ዎርድ በራሱ እንዲቆጥር የሚያደርግ ምርጫም አላገኘሁም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው። ጉባኤው «የመራቢያ አውራ በግ አያያዝ» የሚል አዲስ አንቀጽ ከአንቀጽ 11 ቀጥሎ እንዲገባ ወሰነ፤ ሳስገባው ከዚያ በታች ያሉት አንቀጾች በሙሉ አንድ አንድ ቁጥር ወደ ታች ተገፉ። በጽሑፉ ውስጥ «በአንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት» እየተባለ የተጠቀሰው ግን ባለበት ቀረ። አንቀጽ 14 ቀድሞ አባል ከማኅበሩ ስለሚሰናበትባቸው ምክንያቶች ይናገር ነበር፤ አሁን በዚያ ቁጥር ላይ ያለው ስለ ዕጣ አከፋፈል የሚናገረው አንቀጽ ነው። ደንቡ በዚህ መልኩ ቢጸድቅ አባል የሚሰናበተው በየትኛው ድንጋጌ እንደ ሆነ አከራካሪ ይሆናል። መላ ያላችሁ ብትረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

የጽሕፈት አገልግሎት (ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ የገለጹት ችግር ደንብና መመሪያ ለማስጻፍ ወደ እኛ በሚመጡ ፋይሎች ላይ ዘወትር የምናየው ነው፤ የአራቱም ችግሮች መነሻ ተቀራራቢ ስለ ሆነ በቅድሚያ መነሻውን ላስረዳ።

በ«ሆም» ገጽ ላይ ያለው የቁጥር ቁልፍ ሲጫን ዎርድ ቁጥሩን የሚሰጠው በዚያ ሰዓት ለተመረጠው ፓራግራፍ (በኢንተር ለተለየው የጽሑፍ ክፍል) ብቻ ነው። ቀጥሎ ሌላ ቦታ ላይ ያንኑ ቁልፍ ሲጫኑ ይህ የቀድሞው ዝርዝር ቀጣይ ይሁን ወይስ አዲስ ዝርዝር ዎርድ ራሱ ይገምታል፤ ግምቱ አንዳንዴ ይሰምራል፣ አንዳንዴ አይሰምርም። «ሪስታርት አት 1» በተባለ ቁጥርም በፋይሉ ውስጥ ሌላ የዝርዝር ቅጂ ይፈጠራል። ፋይሉ ሲውል ሲያድር በውስጡ ለዓይን አንድ የሚመስሉ፣ ግን እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ብዙ ዝርዝሮች ይከማቻሉ። እርስዎ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው የሚበላሸው ስለዚህ ነው።

ዘላቂው መፍትሔ ቁጥሩን ከፓራግራፉ ላይ አንሥቶ ከስታይሉ፣ ማለትም ስም ከተሰጠው የጽሑፍ መልክ ቅንብር ጋር ማሰር ነው። ለሰነዱ አንድ ባለ ብዙ ደረጃ ዝርዝር ብቻ ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ከአንድ ስታይል ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ በኋላ የቁጥር ቁልፉን ከናካቴው አይነኩትም፤ ስታይሉን ብቻ ይሰጣሉ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በቅድሚያ «ንዑስ አንቀጽ» የሚል አዲስ የፓራግራፍ ስታይል «ኖርማል» በሚለው ላይ ተመሥርተው ይፍጠሩ። ንዑስ አንቀጽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንጂ ርዕስ ስላልሆነ «ሄዲንግ 3»ን ለእርሱ ማዋል አይመከርም፤ በማውጫው ውስጥ ገብቶ ገጹን ይሞላዋል። ከዚያ ጠቋሚውን በክፍል አንድ ርዕስ ላይ አድርገው ከ«ሆም» ገጽ ላይ የ«መልቲሌቭል ሊስት»ን ምልክት ይጫኑ፤ ከዝርዝሩ ግርጌ «ዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት» የሚለውን ይክፈቱ፤ የሚከፈተው ሳጥን አጭር ሆኖ ከመጣ ከታች ያለውን «ሞር» ይጫኑት፤ ዋናዎቹ ምርጫዎች በዚያ ሥር ናቸው። ደረጃ 1ን መርጠው «ሊንክ ሌቭል ቱ ስታይል» በሚለው ሥር «ሄዲንግ 1»ን፣ ለደረጃ 2 «ሄዲንግ 2»ን፣ ለደረጃ 3 ቅድም የፈጠሩትን «ንዑስ አንቀጽ» ያያይዙ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እንምጣ። ደረጃ 2ን እንደ መረጡ ከሳጥኑ በስተቀኝ «ሪስታርት ሊስት አፍተር» የሚል ምርጫ ያያሉ፤ ምልክት ተደርጎበት «ሌቭል 1» ይላል። አንቀጽዎን በየክፍሉ ወደ 1 የሚመልሰው ይህ ነው። ምልክቱን ያንሡት፤ አንቀጾቹ ከደንቡ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጡ ይቆጠራሉ። በደረጃ 3 ላይ ግን ምልክቱ «ሌቭል 2» እንዳለ ይቆይ፤ ንዑስ አንቀጽ በየአንቀጹ ከ1 እንዲጀምር የሚያደርገው እርሱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «ኢንተር ፎርማቲንግ ፎር ነምበር» በሚለው ሳጥን ውስጥ ያለው ግራጫ ጥላ ያለበት 1 በእጅ የተጻፈ አኃዝ ሳይሆን ቆጣሪው ራሱ ነው። እርሱን አጥፍተው ከቁልፍ ሰሌዳው 1 ብለው ቢጽፉ ሁሉም አንቀጽ 1 ይሆናል። ከጎኑ ነጥብ ይጨምሩ፣ ከፊቱ ቃል ይጻፉ፤ ግራጫውን ግን አይንኩት።

ጠበቃ (ደብረ ሲና)

የጽሕፈት አገልግሎቱ ባልደረባ በሰጡት ላይ በሕግ አጻጻፍ በኩል ያለውን ልጨምር። ጠያቂው የፈለጉት የአቆጣጠር ሥርዓት በሀገራችን ሕጎች የታወቀ ነው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት 11 ምዕራፎችና 106 አንቀጾች አሉት፤ ምዕራፍ ሁለት የሚጀምረው በአንቀጽ 8፣ ምዕራፍ ሦስት የሚጀምረው በአንቀጽ 13 ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አንቀጾቹን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሳያቋርጥ እስከ 3367 ይቆጥራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የአንቀጽ ቁጥር አድራሻ ነው። በአንድ ደንብ ውስጥ ሁለት «አንቀጽ 3» ካሉ፣ የዲሲፕሊን ውሳኔ የተሰጠበት አባል የትኛው እንደ ተጠቀሰበት ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ስለዚህ የ«ሪስታርት» ምልክቱን ማንሣት ከቁጥር ውበት የበለጠ ጉዳይ መሆኑን በአጽንዖት ላስገነዝብ እወዳለሁ።

ስለ ቁጥሩ መልክም አንድ ምክር አለኝ። ከአንቀጹ ርዕስ ፊት «7.» ብሎ አኃዝና ነጥብ ብቻ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ለንዑስ አንቀጹም እንዲሁ «2.» ቢሆን ጥሩ ነው። ቅንፍ ወይም አግድም ሰረዝ ከተጨመረ በኋላ ላይ ቁጥሩን በሌላ ቦታ በራስ ሰር ስትጠቅሱት ቅንፉም ሰረዙም ተከትሎ ይመጣል። ዎርድ ከጥቅሱ ላይ የሚያስቀረው የመጨረሻውን ነጥብ ብቻ ነው።

የማኅበር ጸሐፊ (መሐል ሜዳ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በባዶ ፋይል ላይ ሞክሬው አንቀጾቹ በትክክል ተከታትለዋል፤ ንዑስ አንቀጾቹም በየአንቀጹ ከ1 ጀምረዋል። ሆኖም ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። አንደኛ፣ የክፍሉ ቁጥር በፊደል «ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት» ተብሎ እንዲጻፍ የአመራር ኮሚቴው ይፈልጋል፤ ዎርድ ግን በፊደል የሚቆጥረው በእንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛ፣ ነባሩን ጽሑፍ ወደዚህ አዲስ ፋይል ስገለብጠው የቀድሞው የተዘበራረቀ ቁጥር ሁሉ አብሮ ይመጣል።

መምህር (ሸዋ ሮቢት)

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ ቀላል ነው። በደንብዎ ውስጥ ክፍሎቹ ጥቂት ስለሚሆኑ በራስ ሰር ማስቆጠር ግድ አይልም። እኔ ብሆን ክፍልን ከዝርዝሩ ጨርሶ አወጣዋለሁ፤ የዝርዝሩን ደረጃ 1 ከ«ሄዲንግ 2» ጋር፣ ደረጃ 2ን ከ«ንዑስ አንቀጽ» ጋር አያይዛለሁ፤ «ሄዲንግ 1» ቁጥር የሌለው ርዕስ ሆኖ ይቀራል፤ «ክፍል ሁለት» የሚለውን በእጅ እጽፋለሁ። አንቀጽ የዝርዝሩ የመጀመሪያ ደረጃ ከሆነ ከበላዩ የሚያስጀምረው ስለሌለ የ«ሪስታርት» ጥያቄም አይነሣም።

በዚያው የክፍሉን መጠሪያና ርዕሱን በሁለት መስመር ሲጽፉ፣ ማለትም ከላይ «ክፍል ሁለት»፣ ከሥሩ «ስለ አባልነት» ሲሉ፣ በመካከላቸው «ኢንተር»ን ብቻውን አይጫኑ፤ «ሺፍት»ን ይዘው «ኢንተር»ን ይጫኑ። እንዲህ ካልሆነ ዎርድ ሁለት ርዕስ አድርጎ ይወስዳቸውና በማውጫው ላይ ለአንድ ክፍል ሁለት መስመር ይወጣል።

የጽሕፈት አገልግሎት (ደብረ ብርሃን)

መምህር፣ ያሉት መንገድ ይሠራል፤ ለአጭር ደንብም ጥሩ ነው። እኔ ግን ክፍልን በዝርዝሩ ውስጥ ማቆየትን እመርጣለሁ። ደረጃ 1ን ከ«ሄዲንግ 1» ጋር እንደ ተያያዘ ትቼ፣ «ነምበር ስታይል ፎር ዚስ ሌቭል» በሚለው ሥር «ነን» የሚለውን እመርጣለሁ፤ «ፎሎው ነምበር ዊዝ» የሚለውንም «ናቲንግ» አደርገዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ቁጥሩም ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ባዶ ቦታም ይጠፋል፤ «ክፍል ሁለት» በእጅ ይጻፋል። ውጤቱ በዓይን ሲታይ ከእርስዎ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ኮሚቴው ነገ «ክፍሉም በአኃዝ ይሁን» ያለ ጊዜ ነው፤ «ነን» የሚለውን ወደ 1፣ 2፣ 3 መለወጥ ብቻ ይበቃል፤ የተቀሩት ደረጃዎች አይነኩም። ደንብ ደግሞ ሳይጸድቅ በፊት ስንት ጊዜ እንደሚለዋወጥ ሁላችንም እናውቃለን።

ጸሐፊው ስለ ነባሩ ጽሑፍ ለጠየቁት፦ በመጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ በሌላ ስም ያስቀምጡ። ሲለጥፉ ከሚመጡት የመለጠፊያ ምርጫዎች መካከል «ኪፕ ቴክስት ኦንሊ» የሚለውን ይምረጡ፤ የቀድሞው ዝርዝር አይከተልዎትም። ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ በዚህ መንገድ የመጣ ጽሑፍ ላይ የቀድሞው ቁጥር ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ስታይሉን ሲሰጡት «12. 11. የአባላት መብት» ዓይነት ድርብ ቁጥር ይታያል፤ ሁለተኛው በእጅ መሰረዝ አለበት። የትኛው በራስ ሰር የመጣ፣ የትኛው የተጻፈ መሆኑን ለመለየት በቁጥሩ ላይ አንዴ ጠቅ ያድርጉ። በራስ ሰር የመጣ ከሆነ ቁጥሩ በሙሉ ግራጫ ይሆናል፣ ጠቋሚውም በአኃዞቹ መካከል አይገባም፤ የተጻፈ ከሆነ ጠቋሚው እንደማንኛውም ፊደል መካከሉ ይገባል።

ገልብጦ መለጠፍ ካልፈለጉና በዚያው ፋይል ላይ ማጽዳት ከመረጡ፣ የተበላሹትን አንቀጾች መርጠው «ኮንትሮል» እና «ኪው» ይጫኑ። ይህ በፓራግራፉ ላይ በእጅ የተደረገውን ቁጥርና ገብ (ከኅዳግ ወደ ውስጥ የመግባት ልክ) ሁሉ አንሥቶ ወደ ስታይሉ ይመልሰዋል። ቀጥሎ «ኮንትሮል»ና «ኦልት»ን ይዘው 1 ሲሉ «ሄዲንግ 1»፣ 2 ሲሉ «ሄዲንግ 2» ይሰጥዎታል። ከ«ቪው» ገጽ «ናቪጌሽን ፔን»ን ከፍተው ቢሠሩ የክፍሎቹና የአንቀጾቹ ተራ በግራ በኩል እየታየዎት ስለሚሄድ የተዘለለው ወዲያው ይገኛል።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ (እነዋሪ)

ስለ ሀ፣ ለ፣ ሐ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልበል። በዎርድ የቁጥር ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ የዕብራይስጥም የዓረብኛም የታይም ፊደል አለ፤ የእኛ ፊደል ተራ ግን የለም፤ የግዕዝ አኃዝም የለም። ይህ የእርስዎ ኮምፒውተር ጉድለት አይደለም፤ ቅንብር በመለወጥም አይመጣም። በሕግ ጽሑፍ በየቀኑ የምንገለገልበት ተራ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለመካተቱ ያሳዝነኛል፤ እስኪካተት ድረስ ግን ሥራ አይቆምም።

እኔ የማደርገው እንደሚከተለው ነው። «ፊደል ተራ» የሚል የራሱ ስታይል እፈጥራለሁ። ቁጥር አልሰጠውም፤ ገቡን ብቻ አስተካክላለሁ። በ«ፓራግራፍ» ሳጥን ውስጥ «ስፔሻል» በሚለው ሥር «ሃንጊንግ»ን መርጬ የመጀመሪያው መስመር ወደ ግራ እንዲወጣ፣ ቀጣዮቹ መስመሮች ወደ ውስጥ እንዲገቡ አደርጋለሁ። ከዚያ «ሀ.» ብዬ ጽፌ «ታብ» እጫናለሁ፤ ጽሑፉ በትክክል ይሰለፋል። ባዶ ቦታ በመደጋገም ለማሰለፍ መሞከር ግን ፊደሉ ወይም መጠኑ በተለወጠ ቁጥር መስመሩን ያዛንፈዋል።

ፊደሎቹ በእጅ የሚጻፉ ስለ ሆነ ተራቸውን መጠበቅ የጸሐፊው ኃላፊነት ነው። ተራው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ፣ በ፣ ተ እያለ ይሄዳል። ስሕተት ዘወትር የሚገባው ሠ እና ሰ ላይ ነው፤ ከመ ቀጥሎ ንጉሡ ሠ መግባት ሲገባው እሳቱ ሰ ይጻፋል፤ ከዚያ ከረ በኋላ ያው ሰ ይደገምና በአንድ ንዑስ አንቀጽ ሥር ሁለት ሰ ይገኛሉ። ለኅትመት ከመላኬ በፊት ከአምስት ነጥብ በላይ ያላቸውን ዝርዝሮች ለይቼ አነባቸዋለሁ።

ጠበቃ (ደብረ ሲና)

የመዝገብ ቤቱ ባልደረባ የተናገሩት እጅግ ጠቃሚ ነው። ስለ ግዕዝ አኃዝ አንድ ነገር ልጨምር፦ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ፩፣ ፪፣ ፫ እየተባለ የወጡ አዋጆችን ያየ ሰው ደንቡም እንዲሁ እንዲሆን ሊመኝ ይችላል። ምኞቱን እጋራለሁ፤ መልኩም ያማረ ነው። ነገር ግን በእጅ የተጻፈ ቁጥር በራስ ሰር ሊጠቀስ ስለማይችል፣ የአንቀጹንና የንዑስ አንቀጹን ቁጥር በተለመደው አኃዝ መተው ይመረጣል። በፊደል ተራ በኩል ግን ሌላ አማራጭ ስለሌለ በእጅ እንጽፋለን።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስና፣ ጸሐፊው ያነሡት የጥቅስ መዛባት እስካሁን አልተመለሰም። መዝጋቢው አካል ደንቡን ተቀብሎ ከመመዝገቡ በፊት ሊመልሰው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የጽሕፈት አገልግሎት (ደብረ ብርሃን)

ትክክል ነው፤ እርሱን በመጨረሻ ያስቀረሁት ቁጥሮቹ መጀመሪያ ከስታይል ጋር ካልታሰሩ ስለማይሠራ ነው።

«በአንቀጽ 15 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት» ብለው ሲጽፉ 15ንና 2ን በእጅ አይጻፏቸው። «በአንቀጽ» ብለው ጽፈው ክፍተት ይተዉ፤ ከ«ሪፈረንስስ» ገጽ ላይ «ክሮስ ሪፈረንስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ በ«ሪፈረንስ ታይፕ» ሥር «ነምበርድ አይተም»ን ይምረጡ። ከታች የአንቀጾቹና የንዑስ አንቀጾቹ ዝርዝር ከነጽሑፋቸው ይመጣል። «አባል ከማኅበሩ የሚሰናበትባቸው ምክንያቶች» የሚለውን መርጠው «ኢንሰርት ሪፈረንስ ቱ» በሚለው ሥር ደግሞ «ፓራግራፍ ነምበር፣ ኖ ኮንቴክስት» የሚለውን ይያዙ፤ ከዚያ «ኢንሰርት» ይበሉ። 15 ይገባል፤ ነጥቡ ቀርቶ። ቀጥሎ «ንዑስ አንቀጽ» ብለው ጽፈው ለ2ም እንዲሁ ያድርጉ። የገባው ቁጥር ተራ አኃዝ ሳይሆን ዒላማውን የሚከታተል ፊልድ ነው፤ ነገ ከበላዩ ሌላ አንቀጽ ቢገባ ወደ 16 ይለወጣል።

በአማርኛ ስንጽፍ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። «በ»፣ «ከ»፣ «የ» እና «ለ» የሚገቡት «አንቀጽ» ከሚለው ቃል ጋር ስለ ሆነ ከፊልዱ ውጭ ናቸው፤ ችግር አይፈጥሩም። ከቁጥሩ በኋላ የሚቀጠሉት ግን፣ ለምሳሌ «አንቀጽ 15ን» ስንል «ን»፣ «አንቀጽ 15ና 16» ስንል «ና»፣ በፊልዱ ውስጥ ከተጻፉ በሚቀጥለው ማደሻ ይጠፋሉ። ስለዚህ የቀኝ ቀስቱን ተጭነው ከፊልዱ መውጣትዎን ካረጋገጡ በኋላ ይጻፏቸው። ፊልዱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለማየት በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ፣ በ«አድቫንስድ» ሥር «ፊልድ ሼዲንግ» የሚለውን «ኦልዌይስ» ያድርጉት፤ ግራጫው ጥላ በወረቀት ላይ አይታተምም።

ቁጥሮቹ በጻፉበት ቅጽበት ሁሉ አይታደሱም። ለውጡን ሲጨርሱ «ኮንትሮል»ና «ኤ» ብለው ሁሉን ከመረጡ በኋላ «ኤፍ9»ን ይጫኑ። በግርጌ ማስታወሻና በገጽ ራስጌ ውስጥ ያሉ ፊልዶች በዚህ ምርጫ ስለማይነኩ ለብቻቸው ይታደሳሉ። ካደሱ በኋላ «ኤረር» ብሎ የሚጀምር መልእክት የታየበት ቦታ ካለ፣ የተጠቀሰው አንቀጽ ተሰርዟል ማለት ነው፤ ይህ መልእክት ለደንብ ጸሐፊ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል፤ በእጅ የተጻፈ «14» ግን ዒላማው ቢጠፋም ዝም ይላል።

ተመራቂ ተማሪ (አለም ከተማ)

ውይይቱን በጥሞና ተከታትያለሁ፤ በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ተመሳሳይ ሥርዓት ስለተጠቀምሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። ፋይሉን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው በአንዳንድ ርዕሶች ፊት ቁጥሩ ጠፍቶ ጥቁር አራት ማዕዘን ብቻ ይታያል። ይህስ ከምን የመጣ ነው?

የጽሕፈት አገልግሎት (ደብረ ብርሃን)

ያ የታወቀ የዎርድ ብልሽት ነው፤ የቁጥሩ ቅርጽ መረጃ ተበላሽቶ ነው፤ ጽሑፍዎ አልጠፋም። ጠቋሚውን ከጥቁሩ ምልክት ቀጥሎ አድርገው ምልክቱ ራሱ ግራጫ እስኪሆን ድረስ በግራ ቀስት ይመለሱ፤ ከዚያ «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኤስ»ን በአንድነት ተጭነው በሚመጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ «ሪአፕላይ» ይበሉ። ለአንዱ ደረጃ ሲያደርጉት የዚያ ደረጃ ርዕሶች ይመለሳሉ።

መምህር (ሸዋ ሮቢት)

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ስለ ፊደል ቅርጽም (ፎንት) ልጠቁም። ነባሩ ደንብ ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ) ባልሆነ በቀድሞ ዘመን የግዕዝ ፊደል የተጻፈ ከሆነ፣ በቁጥሩ ፊት የተጻፈው ቃል የላቲን ፊደላት ዝብርቅ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ምክንያቱም በእነዚያ ፊደሎች «አ» በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው፤ የዝርዝሩ ፊደል ደግሞ ከጽሑፉ ፊደል የተለየ ሊሆን ይችላል። በዝርዝሩ ሳጥን ውስጥ «ፎንት» የሚለውን ተጭኖ ተመሳሳዩን ፊደል መስጠት ለጊዜው ይረዳል፤ ትክክለኛው ግን ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ለውጦ እንደ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ባለ ፊደል መሥራት ነው። ያለዚያ ክሮስ ሪፈረንሱም ማውጫውም በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ አይነበብም።

የማኅበር ጸሐፊ (መሐል ሜዳ)

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሥራው ተሳክቷል። ክፍልን የጽሕፈት አገልግሎቱ ባልደረባ እንዳሉት በዝርዝሩ ውስጥ አቆይቼ «ነን» አድርጌዋለሁ። አንቀጾቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጡ ይቆጠራሉ። ለሙከራ ስለ አውራ በግ የሚናገረውን አንቀጽ አንሥቼ መልሼ ሳስገባና «ኤፍ9»ን ስጫን፣ ስለ መሰናበት የሚጠቅሱት ሦስቱም ቦታዎች ከ15 ወደ 14፣ ከ14 ወደ 15 አብረው ሲለዋወጡ ተመለከትሁ። ከመዝገብ ቤቱ ባልደረባ ምክር በኋላ ስለ አመራር ኮሚቴው ሥልጣን በሚዘረዝረው ንዑስ አንቀጽ ሥር ሰ ሁለት ጊዜ ተጽፎ አግኝቼ አርሜዋለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። የኮሚቴው አባላት ረቂቁን በቴሌግራም ላክልን ይሉኛል፤ አብዛኞቹ የሚያዩት በስልክ ነው። የዎርዱን ፋይል ብልክላቸው ቁጥሩ ይበላሽ ይሆን?

ጠበቃ (ደብረ ሲና)

ለንባብ የሚላከው ፒዲኤፍ ይሁን። ዎርዱን ከላኩ ከአባላቱ አንዱ በስልኩ ከፍቶ አንድ መስመር ሊያርም፣ የታረመው ቅጂም በሌላው እጅ ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የጉባኤው ረቂቅ የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል። አስተያየታቸውን በቃል ወይም በመልእክት ይስጡዎት፤ እርማቱን በአንዱ ዋና ፋይል ላይ እርስዎ ብቻ ያስገቡ።

የጽሕፈት አገልግሎት (ደብረ ብርሃን)

እስማማለሁ። ወደ ፒዲኤፍ ከመለወጥዎ በፊት ግን «ኮንትሮል»ና «ኤ»፣ ቀጥሎም «ኤፍ9» ማለትን አይዘንጉ፤ ማውጫ ካለው «አፕዴት ኢንታየር ቴብል» የሚለውን ይምረጡ፤ «አፕዴት ፔጅ ነምበርስ ኦንሊ» ካሉት የአዲሱ አንቀጽ ርዕስ በማውጫው ላይ አይገባም። ደንቡ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ ጽሑፉን አውጥተው ስታይሎቹንና ዝርዝሩን ብቻ በመተው «ዎርድ ቴምፕሌት» አድርገው በሌላ ስም ያስቀምጡት፤ የሚቀጥለውን የውስጥ መመሪያ ከዚያው ላይ ይጀምሩታል።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ (እነዋሪ)

ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ ያንን ባዶ ቴምፕሌት እዚህ ቢያካፍሉን እጠይቃለሁ። በእኛ ወረዳ ያሉ ማኅበራትም ደንባቸውን እያሻሻሉ ነው፤ «ፊደል ተራ» የሚለውን ስታይል እኔ ጨምሬ እመልስላችኋለሁ።

የማኅበር ጸሐፊ (መሐል ሜዳ)

በደስታ። የማኅበሩን ስምና ጽሑፉን አውጥቼ፣ ስታይሎቹና ዝርዝሩ ብቻ ያሉበትን ፋይል ጉባኤው ደንቡን እንዳጸደቀ እዚሁ እለጥፋለሁ።